የሚራመድ እንሰት

ኮልፌ፣ ኅዳር 14 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለአቶ ወንድሙ፣ ቦንጋ፣

ሰላምታውን አንተ ስለዘለልከው እኔም እዘለዋለሁ። ከጤናዬ ይልቅ አጥሬ ያሳሰበህ ሰው ነህና በአጥሩ እንጀምር።

«በማን ፈቃድ አጠሩት?» ብለህ ጠይቀኸኛል። በራሴ ፈቃድ ነዋ! ካርታው በኔ ስም፣ ግብሩን የምከፍል እኔ፣ አጣናውን ከአስኮ በአህያ አስጭኜ ያመጣሁ እኔ። ካንተ ፈቃድ የምለምነው ምን ቆርጦኝ ነው? አንተን እኮ ሱሪ መታጠቅ ሳትጀምር በግቢዬ ስትንከባለል የማውቅህ ሰው ነኝ። ዛሬ ቡና ነጋዴ ሆነህ ደብዳቤህ ላይ ማኅተም ብትመታበት የምርበደበድ መሰለህ?

ለምን እንዳጠርኩት ግን ልንገርህ። የእናትህ እንሰት ይራመዳል። አትሳቅ፣ የምሬን ነው። ባሌ ወልደ አማኑኤል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከአባትህ ጋር ሆኖ ይህን መሬት ከባላባቱ ሲገዛ በገመድ ለክተው ተካፈሉ። ገመዱ ሲነሳ ምልክት ይሁነን ብለው ምን አደረጉ? እናትህ ያን ሰሞን ከሆሳዕና አምጥታ የተከለችውን የእንሰት ረድፍ ድንበር አሉት! ከእንሰቱ ወዲያ የናንተ፣ ከእንሰቱ ወዲህ የኛ። ሁለት ሽማግሌ ወንዶች ተጨባብጠው ገቡ። እንሰት በየጊዜው ተነቅሎ እንደሚተከል አባትህ ያውቅ ነበር፣ አልተናገረም። የኔው ደግሞ የመንዝ ሰው ነው፣ ስለ እንሰት ምን ያውቃል?

ከዚያ ወዲህ እናትህ ጤናዬ ችግኟን ትነቅላለች፣ ሰፋ አድርጋ ትተክላለች። በነቀለች ቁጥር አንድ እርምጃ ወደኔ ነው። ድንበሩም ተከትሏት ይመጣል። አሁን የት የደረሰ ይመስልሃል? ማድቤቴ በር ላይ! በሩን ስከፍት ቅጠሉ በጥፊ ይለኛል።

ስለዚህ አጥሬን ድሮ ገመዱ ባለፈበት ተከልኩ። ትልልቆቹ እንሰቶች ወደኔ ቀርተዋል። ምን ላድርጋቸው፣ በገዛ እግራቸው የመጡ ናቸው።

እናትህ ደህና ናት። አኩርፋለች እንጂ ደህና ናት። ከእንግዲህ እንደ ፍርድ ቤት መጥሪያ ያለ ደብዳቤ እንዳትልክብኝ። የእናትህን ደብዳቤ ሁሉ ስጽፍልህ የኖርኩት እኔ መሆኔን የረሳህ መሰለኝ።

ብዙነሽ


ቦንጋ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ብዙነሽ፣ ኮልፌ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ዶሮዎችዎስ? ይኸው ሰላምታ፣ ዘለለው እንዳይሉኝ።

አሁን ደግሞ እኔ ልናገር። እናቴ ሌባ አይደለችም። እንሰት ጎመን አይደለም፣ አንድ ቦታ ተክለውት አይቀመጥም። ካልተነቀለና ቦታ ካልሰፋለት ቀጭጮ ይቀራል። ይህን የሚያውቅ ሰው አጠገብዎ ሃያ ዓመት ሙሉ ኖሯል፤ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁም። ዛሬ ባልዎ ሲሞት፣ አባቴ ሲሞት፣ እኔ አገር ስለቅ፣ ብቻዋን ባገኟት ሴትዮ ላይ ገመድ ትዝ አለዎት?

ጥፊ መታኝ ላሉት ቅጠል ደግሞ አፈር ስሆን አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ለፋሲካ፣ ለገና፣ ለማኅበሩ ዝክር ድፎ ዳቦዎን በምን ጠቅልለው ነው ሲደፉ የኖሩት? በማን ኮባ? እናቴ ቅጠል ስትቆርጥልዎ እንሰቱ አልተራመደም ነበር? ያኔ የት ነው የቆመው?

ይህን ሁሉ እተወዋለሁ፤ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። ቆጮዋ የተቀበረበት ጉድጓድ ከአጥርዎ ወዲያ ቀርቷል። እናቴ ጥርስ የላትም። ሌላ ምግብ አይስማማትም፣ እርስዎም ያውቃሉ። በአጥሩ ላይ አንድ በር ይክፈቱላት። አንዲት ጠባብ በር፣ ሴት ልጅ በጎን የምታልፍባት። እሱን ካደረጉ ስለ መሬቱ መስቀል ላይ ስመጣ እንነጋገራለን። ካላደረጉ ግን ከሳሽ ነኝ፣ ጠበቃም አለኝ።

ይህን ደብዳቤ ዩሱፍ ነው የሚያመጣልዎ፤ የጭነት መኪናው በየሁለት ሳምንቱ ኮልፌ ይደርሳል። መልሱን ለሱ ይስጡት። እናቴም የምትለኝን ትበለኝ፣ ድምጿ ጠፍቶብኛል።

ወንድሙ


ኮልፌ፣ ጥር 3 ቀን 1962 ዓ.ም.

ልጄ ወንድሙ፣

እናትህ ጤናዬ ነኝ። የምትጽፈው ያቺ ሴትዮ ናት። እኔ ከአጥሩ ወዲህ በርጩማ ላይ ተቀምጬ እናገራለሁ፣ እሷ ወዲያ ሆና በጉልበቷ ላይ ትጽፋለች። ያልኩትን መጻፏን በምን አውቃለሁ? (ያልሽውን ነው የምጽፈው፣ ቀጥይ። ብዙነሽ።)

ልጄ፣ ስለ መሬቱ የምትልህን አትስማ። እኔ የወሰድኩት ሳማ የበቀለበትን ቦታ ነው። ሳማ ለማን ይጠየቃል? ባሏ ሳማውን ሲያይ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚያልፈው፤ እኔ በእጄ ነቅዬ፣ እጄ አብጦ፣ አፈሩን አለስልሼ እንሰት ተከልኩበት። አሁን አፈሩ ጥሩ ሲሆን መሬቴ አለች። በጨው ዓይኗን ታጥባ! (ይህን ጻፍኩት። እግዜር ይይልሽ።)

በር ክፈችልኝ ብዬ ለምኛታለሁ። በፊት ለፊት በኩል ዞረሽ ነይ፣ እንደ ሰው በሬን አንኳኪና ግቢ አለችኝ። አላደርገውም። ሃያ ዓመት ሙሉ በጓሮ ገብቼ፣ በጓሮ ወጥቼ፣ ልጄን በጓሮዋ አሳድጌ፣ ዛሬ እንደ እንግዳ በር የማንኳኳ ሴት አይደለሁም። ሞቼ ነው የማንኳኳው። (እኔም የአጥሬን አጣና ነቅዬ ጎሽ የምባል ሴት አይደለሁም። ዞሮ መምጣት ስንት እርምጃ ነው?)

ቆጮውን ራሷ ከጉድጓዱ እያወጣች በአጥሩ ላይ ትወረውርልኛለች። እንደ ውሻ! (አልወረወርኩም፤ አቀበልኩ። በኮባ ጠቅልዬ ነው ያቀበልኩት። ሽታው ከእጄ አልለቅ ብሎኝ ሦስት ቀን ስታጠብ ነው የከረምኩት።)

አጥሩ ደግሞ ማገሩ ወደሷ ነው። ወደኔ የቀረው ልሙጡ ነው፤ እግር ማሳረፊያ የለውም። ዘላ ትገባብኛለች ብላ ነው ልጄ! በዚህ ዕድሜዬ! (አናጺው ነው እንደዚያ የመታው። ብትዘይም የምትዘይ ሴት ነሽ።)

ምን ቀረኝ? የላክህልኝ ሹራብ ደርሶኛል፣ ይሞቃል። ዩሱፍ ጥሩ ሰው ነው። (እዚህ ላይ አትጻፊ ያለችኝ ነገር አለ፤ አልጻፍኩትም።)

መስቀልን እጠብቅሃለሁ። ያኔ ትልቁ እንሰት ይቆረጣል፤ ያቺ ሴትዮ ብትፈልግም ባትፈልግም።

እናትህ ጤናዬ፣ በብዙነሽ እጅ


ቦንጋ፣ የካቲት 2 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ብዙነሽ፣

እግዚአብሔር ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤው ደርሶኛል። ሳቄ መጥቶ ነበር፣ አልዋሽዎትም፤ መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን ሳቄ ጠፋ። አትጻፊ ያለችዎ ነገር ምንድነው? አይሟት፣ አያስቀይሟት፣ ምን ሆነች? በቅንፍ የሚጫወቱት በኔ እናት ላይ መሆኑን አይርሱ!

ሰንብቼ አሰብኩበት። ከእርስዎ ጋር ክርክር የትም አያደርስም። መርካቶ ውስጥ ሱቅ ያለው አንድ ሰው ቤቱን ሽጥልኝ እያለ ሲለምነኝ ከርሟል፤ እሺ ልለው ነው። ሰውዬው ሲገባ አጣና አይደለም የሚያጥረው። የድንጋይ ግንብ ነው፣ አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ። በዚያኛው ወገን ሆነው ማንን እንደሚሰድቡ አያለሁ። ሽንኩርት ሲያልቅብዎ ማንን እንደሚጠሩ፣ ምጥ እንደያዛት ሴት ወገብዎን ሲያምዎ ማን እንደሚያሽዎ አያለሁ።

እናቴን ወደዚህ አመጣታለሁ። እዚህ ቦንጋ ዙሪያው ሁሉ እንሰት ነው። ወዴት ተራመደ ብሎ የሚጠይቃት የለም።

በር ይክፈቱ ብዬ ለመንኩ፣ አልሰሙኝም። ከዚህ በኋላ ጥፋቱ የእርስዎ ነው።

ወንድሙ


ኮልፌ፣ የካቲት 27 ቀን 1962 ዓ.ም.

አንተ ልጅ፣

ሰላምታ የለኝም። ደብዳቤህን ሳነብ ደሜ ፈልቶ ነው ያለሁት።

በመጀመሪያ፣ ያላጻፈችኝን አልነግርህም። አደራ ነው። ስትሰድበኝ የጻፍኩ ሴት፣ አትጻፊ ስትለኝ ደግሞ አልጽፍም። የጠየቅኸኝ ይኸው ነው፤ መልሱም ይኸው ነው።

ሁለተኛ፣ ሽጥ! ግንብም ይገንባ፣ ጠርሙስም ይሰካበት፣ ከፈለገ መድፍ ይጥመድበት! የገዛ አባትህ በጭቃ የመረገውን ቤት ለማታውቀው ሰው ስትሸጥ ካላፈርክ እኔ ምን አገባኝ። ጤናዬን ግን የትም አትወስዳትም። እንደ ቡና ጆንያ ጭነህ፣ በዚያ መንገድ፣ በዚህ አቅሟ? ጠይቄያታለሁ። ልጅሽ ሊወስድሽ ነው፣ ትሄጃለሽ ወይ አልኳት፣ በአጥሩ ቀዳዳ ዓይን ዓይኔን እያየች። «እንሰቴን ለማን ትቼ?» አለችኝ። ለኔ ትተሽ አልኳት፤ ጥዬሽ ከምሄድስ እያነቅሽኝ እኖራለሁ አለችኝ። ይኸው ቃሏ ነው፣ አንድ ፊደል አልጨመርኩም።

ብዙነሽ ክፉ ናት፣ ብዙነሽ ጨካኝ ናት እያልክ ለዩሱፍ ስታወራ መክረምህን ሰምቻለሁ። ዩሱፍ ወሬ አይደብቅም፣ ቡና ሲያመጣ ሁሉንም ያራግፈዋል። እስቲ ልጠይቅህ፣ ለእናትህ በየማለዳው ማርና ነጭ ሽንኩርት አፍልታ በአጥሩ የምታቀብል ማን ናት? ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። ነጭ ሽንኩርት ለጤና ጥሩ ነው፣ በቃ።

ወገቤን ማን እንደሚያሸኝ ደግሞ ያንተ ሥራ አይደለም።

ብዙነሽ


ቦንጋ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ብዙነሽ፣

ዩሱፍ ትናንት የእናቴን ደብዳቤ ሰጠኝ። ከቶ ምን አድርገዋት ነው?

«ልጄ፣ ደህና ነኝ። ብዙዬም ደህና ናት። ብዙዬን አትሳደባት፣ ሰላም በላት።» ይህ የእናቴ ቃል ነው? እኔን ሊያሞኙኝ? አጥሩ ከቆመ ወዲህ እናቴ እርስዎን ብዙዬ ብላ ጠርታ አታውቅም። ያቺ ሴትዮ ነው የምትልዎ! ቅንፉስ የት ሄደ? አንድም የሚመልሱላት ነገር አላገኙም? ደብዳቤው አራት መስመር ብቻ ነው። እናቴ አራት መስመር ተናግራ ዝም ስትል እኔ አላውቃትም፤ ሳትሳደብ ስትውል ከቶ አይቻት አላውቅም።

አንድ ነገር ነው የገባኝ። እየጻፉ ያሉት የራስዎን ነው። ቤቱን እንዳልሸጥ፣ እንዳልከስዎ፣ በእናቴ አፍ እየለመኑኝ ነው። ነውር ነው እትዬ ብዙነሽ! ፊደል ስለማትቆጥር የፈለጉትን ቢያስብሏት ማን ያያል ብለው ነው?

ሳል እንደያዛት ደርሼበታለሁ። ነጭ ሽንኩርቱን አንብቤ እንዳልገባኝ መሰለዎት? ዩሱፍን ስጠይቀው ጎማውን ሊፈትሽ ጎንበስ አለብኝ። የቡናው ጭነት አላለቀልኝም፣ መንገዱም ዝናብ ጀምሯል። እስከ መስቀል መንቀሳቀስ አልችልም። እስከዚያ እናቴ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ አጥርዎን አጣና በአጣና ነቅዬ ነው የማቃጥለው፤ እርስዎም ቆመው ያዩታል።

ወንድሙ


ኮልፌ፣ ግንቦት 17 ቀን 1962 ዓ.ም.

ወንድሙ፣

አጥሬን አቃጥላለሁ ብለሃል አሉ። እኔ ደግሞ ልቅደምህ ብያለሁ።

የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ እንሰቱን በሙሉ አስቆርጠዋለሁ። አንድ አይቀርም። ጉድጓዱንም አስደፍነዋለሁ። ሰው ቀጥሬያለሁ፣ መጥረቢያው ተስሏል። ወንድ ከሆንክ መጥተህ አስቁመኝ! ቡናህን እያመካኘህ እዚያ ቁጭ ብለህ ደብዳቤ መጻፍ ሴትም ትችለዋለች፣ ይኸው እኔ እየጻፍኩ አይደል? አባትህ ቢኖር ኖሮ በእግሩ ይመጣ ነበር። አንተ ግን ፈሪ ነህ፣ ድሮም ፈሪ ነበርክ፤ ከዶሮዬ እንኳ ስትሸሽ ነው ያደግከው።

ዩሱፍ ረቡዕ ይመለሳል፣ ከፊት ወንበር ቦታ አለው። ቀጥታ ወደ ግቢው እንዳትመጣ። መጀመሪያ የእድራችን ዳኛ አቶ ኃይለመስቀል ቤት ግባ፣ ሽማግሌዎቹ እዚያ ነው የሚጠብቁህ። እዚያ ትበላለህ፣ እዚያ ታድራለህ፣ ጠዋት በሥርዓት እንሟገታለን። እናትህን በዚህ ጉዳይ አታስገባት። ነገሩ ያንተና የኔ ነው።

ባትመጣ ግን እስከ ዕለተ ሞቴ እስቅብሃለሁ።

ብዙነሽ


ቦንጋ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለእትዬ ብዙነሽ፣ ኮልፌ፣

የእናቴ አርባ ካለፈ በኋላ ሳልሰናበትዎ ነው የተመለስኩት። ያኮረፍኩ መስሎዎት ይሆናል። አዎ፣ አኩርፌያለሁ። አሁንም ፈሪ ያሉበትን ደብዳቤ ሳነበው ያንገበግበኛል፣ ከኪሴ ግን አልለየውም።

ሰው ፊት ልናገረው ስላልቻልኩ ልጻፍልዎ። ዩሱፍ መኪና ላይ ስወጣ የምናገረውን እያጠናሁ ነበር። ጅማ እስክንደርስ እርስዎን በሐሳቤ ስሳደብ፣ ከጅማ ወዲህ ጮክ ብዬ ስሳደብ መጣሁ። ዩሱፍ ዓይኔን አያየኝም። ሙቀት ነው፣ አቧራ ነው እያለ በመሐረቡ ዓይኑን ይጠርጋል፤ ሲዘንብ የምን አቧራ እንደሆነ አልጠየቅኩትም፣ ንዴቴ ለሌላ ነገር ቦታ አልተወልኝም ነበር። ጦር ኃይሎች ስንደርስ ወደ አቶ ኃይለመስቀል ቤት እንታጠፍ ቢለኝ አልሰማሁትም። ደጃችን ስንደርስ መኪናው ሳይቆም ዘልዬ ወረድኩ። ሽማግሌ የምን ሽማግሌ! መጥረቢያውን ከሰውዬው እጅ ቀምቼ የእርስዎን አጥር ልቆርጥበት ነበር የምሮጠው።

ጓሮ ገባሁ። እንሰቱ በሙሉ ቆሟል፣ አንድ ቅጠል አልጎደለበትም። አጥሩን ፈለግኩት። አጥር የለም። አጣናው ከማድቤትዎ ግድግዳ ጋር ተደርድሯል። ቋሚዎቹ የነበሩበት ጉድጓድ ውሃ ቋጥሯል። ሣሩ ከእኛ ደጃፍ እስከ እርስዎ ደጃፍ በሰው እግር ተረግጦ ጠቁሯል፣ የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች አልተመለሱም፣ የድንኳኑ ካስማ አልተነቀለም። ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። ያን ያህል ሰው ለቅሶ የሚደርስበት ድንኳን በእኛ ግቢ ብቻ አይተከልም።

ከዚያ እርስዎ ከል ለብሰው ከእናቴ ቤት ወጡ። «እዚያ እደር አላልኩህም?» ብለው ጮኹብኝ። ይህን አልረሳም። ያን ጊዜም ይጮኹብኝ ነበር፣ እጆችዎ ግን ይዘውኝ ነበር።

አቶ ኃይለመስቀል በኋላ ሁሉን ነገረኝ። ሳሉ ሲጠናባት፣ ዞሮ በፊት በር መምጣቱ አላስችል ብሎዎት፣ አጣናውን በእጅዎ ነቅለው በጓሮ እንደገቡ። የመጨረሻውን ሦስት ሳምንት እርስዎ ጋ እንደተኛች። ቆጮውን በወተት እያላሙ እንዳጎረሷት። ይህን ሁሉ ለምን አልጻፉልኝም? «ታማለች ና» ቢሉኝ እመጣ ነበር! አፈር ሳትለብስ እደርስ ነበር። ይህን ይቅር አልልዎም፣ ይወቁት።

ቤቱን አልሸጥኩትም። ሰውዬው ሌላ ቦታ ይፈልግ ብዬዋለሁ። አጥርዎን መልሰው ይትከሉ። የት ይሁን ብለው አይጠይቁኝ፣ አልጣላዎትም፣ ከፈለጉ ገመዱ ባለፈበት ይሁን። የእናቴ ችግኞች ዘንድሮ መነቀል ነበረባቸው፤ እኔ አልቻልኩም። እንደቀጨጩ ይቅሩ።

ወንድሙ


ኮልፌ፣ ነሐሴ 1 ቀን 1962 ዓ.ም.

ልጄ ወንድሙ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ይህን ያልኩት ልማድ ስለሆነ ነው፤ የታረቅኩህ እንዳይመስልህ። እናትህ ከሞተች ጀምሮ ሰላም የምለው ሰው አጥቼ ነው።

«ለምን ታማለች አላሉኝም» ብለሃል። የጤናዬ አደራ ነው። «ልጄ ሥራው ላይ ነው፣ መስቀል ሲደርስ ድኜ ያገኘኛል» ብላ አስማለችኝ፣ እኔም እንደ ሞኝ ትድናለች ብዬ አመንኳት። ትድናለች ብለን ሁለታችንም ስንዋሻሽ ነው አንድ ማለዳ ጥላኝ የሄደችው። ከዚያ በኋላ ምን ልጽፍ ነበር? መርዶ በደብዳቤ? በዚያ አገር ማን አለህ፣ ደረት ስትመታ ማን እጅህን ይይዛል? ታማለች ብዬ ብጽፍልህም ያን ሁሉ መንገድ ብቻህን እያለቀስክ ልትመጣ ነው። ተናዶ ይምጣ አልኩ። የተናደደ ሰው ሐዘን አይደርስበትም፣ ቢያንስ ቤት እስኪደርስ። ያንን ደብዳቤ ስጽፍ ስንት ወረቀት በእንባዬ እንዳበላሸሁ ኃይለመስቀል ይመሰክርልሃል፤ ፈሪ የሚለውን እሱ ነው ጨምሪበት ያለኝ። የዶሮው የኔ ነው። ይቅር አልልም ካልክ አትበል፣ እኔም አለመንኩህም።

ያቺን አራት መስመር ፈጠሩ ብለህ ጽፈህልኛል። አልፈጠርኩም! «ብዙዬ» ስትለኝ ብዕሩን አስቀምጬ፣ ኧረ ይህን አልጽፍም፣ ወንድሙ ይደነግጣል፣ በደህናው ስድቤን ስደቢኝ ብያት ነበር። ሳሉ ሲተዋት ጻፊ አለችኝ። ጻፍኩ። ቅንፍ የቀረው የምመልስላት አጥቼ ነው።

አሁን ስለ አጥሩ። አጥር ያስፈልገኛል፤ ሌላ የሚያስብ ካለ ይተወው። ዶሮዎቼ ይወጣሉ፣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይገባል፣ ጤናዬ ሞተች ብዬ ግቢዬን ለመንገደኛ አልሰጥም። ባለፈው ሳምንት አናጺውን ጠርቼ መልሼ አስተክየዋለሁ። ማገሩ አሁን በሁለቱም በኩል ነው፣ ልሙጥ ወገን የለውም። ሁለት እጥፍ ሚስማር ፈጀብኝ፣ አናጺውም ይቺ ሴትዮ አብዳለች ብሎ ሄደ።

ገመዱ ባለፈበት ግን አላስተከልኩትም። ምክንያቱን ልንገርህና ሁለተኛ አታንሳብኝ። ችግኞቹ ተፋፍገው ቅጠላቸው ቢጫ ሲሆን በየማለዳው ማየት አቃተኝ። አንተ ፈራህ፣ ሌላ የሚያውቅ የለም። እናትህ ስታደርግ ከማድቤቴ በር ሆኜ ሳይ ኖሬ የለ? ነቀልኳቸው። ሥራቸውን አራገፍኩ። ሰፋ አድርጌ ተከልኳቸው። በናንተ በኩል አፈሩ ድንጋይ ነው፤ ለስላሳው አፈር እሷ ሳማ ነቅላ ያለሰለሰችው ነው፣ እሱ ደግሞ በኔ በኩል ነው። ስለዚህ አንድ እርምጃ ወደኔ ተከልኳቸው። አሁን ማድቤቴ በር በደንብ አይከፈትም፣ በጎን ነው የምገባው። አጥሩም ተከትሏቸው መጥቷል። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ያንተ ነው፣ ካርታው ሌላ ይላል ብለህ ማዘጋጃ ቤት እንዳትሄድብኝ።

ለእድሩ ሴቶች ምን እንዳልኳቸው ታውቃለህ? ጤናዬ በሕይወት ሳለች ያልወሰደችውን አሁን ወሰደችብኝ አልኳቸው። ሳቁ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

አጥሩ ላይ በር አስወጥቻለሁ። ጠባብ ናት፣ ሰው በጎን ነው የሚያልፍባት። መቀርቀሪያ የላትም።

መስቀል ላይ ትልቁ እንሰት ይቆረጣል፤ እኔ አልችልበትም፣ የሚያውቅ ሰው ይዘህ ና። ስትመጣም እንደ እንግዳ የፊቱን በር እንዳታንኳኳብኝ። በጓሮ ግባ።

ብዙነሽ